የይስማው ውጅግራ

ጠመንጃ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተጋድሞ ሳይ ደሜ ይፈላል። የሰው ጠመንጃ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ፤ የአባቴ ውጅግራ ነው የምላችሁ። ባለፈው ለአጎቴ ለአያ ልየው ሙት ዓመት ከሞጣ ቢቸና ሄጄ፣ ጸበል ጻዲቁን ቀምሼ ስወጣ፣ የእህቴ ልጅ «እትዬ ይታይሽ፣ አዳራሹ ውስጥ የድሮ ዕቃ ተሰብስቦ እየታየ ነው፤ አንዴ ብቅ ይበሉ» ብላ ጎትታ አስገባችኝ። አገልግል አለ፣ ብራና አለ፣ የደርግ ጊዜ ሬዲዮ አለ። እኔ እንኳ የተገረምሁት በሬዲዮው ነበር። ዞር ስል ውጅግራው! ሰደፉ ላይ አባቴ በእሳት የተኮሳት መስቀል ሳትቀር እንዳለች። እጄን ልሰድድ ስል አንገቱ ላይ ወረቀት ያንጠለጠለ ልጅ መጥቶ «እማማ፣ መንካት ክልክል ነው» አይለኝም? የአባቴን ጠመንጃ! ከበላዩ ደግሞ «ጀግናው ይስማው አለምነህ አምባገነኑን ሹም የጣለበት ጠመንጃ» የሚል ጽፈው ለጥፈዋል። ይስማው ወንድሜ ነው። በዚህ ጠመንጃ ማንንም አልጣለም።

«አልጣለበትም» አልሁት ልጁን። «ማን እማማ?» አለኝ። «ይስማው ነዋ፤ ወንድሜ ነው።» ደስ ብሎት ዓይኑ በራ። «የጀግናው እህት ነዎት? ፎቶ እናንሳዎት!» ብሎ ስልኩን መዘዘ። «ልጄ፣ ስማኝ እንጂ፤ አልገደለም እያልሁህ ነው» ስለው «እማማ፣ ታሪክ ነው እኮ» አለ። ወይ ጉድ! ታሪኩን ለእኔ ሊነግረኝ! በደርግ ጊዜ ይኸው ውጅግራ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ «የፀረ አብዮተኛው መሣሪያ» የሚል ተጽፎበት አይቼዋለሁ። ያኔ ገዳይ ብለው ረገሙት፣ ዛሬ ገዳይ ብለው ያመሰግኑታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው። አልገደለም የሚል ግን ያኔም ዛሬም ጠፋ። አንድ ሰው ቆም ብሎ «ለመሆኑ ይህ ጠመንጃ ያንን ሥራ ሊሠራ ይችላል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን አለበት? ጠመንጃውን አላዩትም እንዴ? ዓይን የላቸውም?

እስቲ ከጠመንጃው ልጀምርላችሁ። ውጅግራ አንድ ጎራሽ ነው። አንድ ጥይት ታጎርሰዋለህ፣ አንድ ጊዜ ይጮሃል፣ ከዚያ ደግሞ ከፍተህ ሌላ እስክታጎርሰው ጠላትህ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ጥይቱ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት አለው። ሲተኮስ ጭሱ ሠርግ ቤት የሚነድድ እርጥብ እንጨት ነው የሚመስለው፤ ተኳሹም አይታይ፣ የተተኮሰበትም አይታይ። አባቴ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ቅቤ እየቀባ፣ በነጠላ ጫፍ እየወለወለ፣ ከእኛ ከልጆቹ ይልቅ ለእሱ ሲሳሳ ኖሮ ሞተ። ተዝካሩ ላይ ዘመድ እየተቀባበለ ሲያስጮኸው ዋለና ማምሻው ላይ ጠቅ ብሎ ቀረ። መርፌው፣ ያ የጥይቱን ቂጥ የሚወጋው ብረት፣ ተሰብሯል። እናቴ ሲነገራት «እሰይ! የእግዜር ሥራ ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ ዕቃ ደም የሚገባ ልጅ የለኝም» አለች። ይጠገን ሲሏትም አሻፈረኝ አለች። ግን እናቴ ሞኝ አይደለችም፤ «ጠመንጃው የማይተኩስ ቤት መሆናችንን ሌባ ከሰማ አንድ በሬ አያስተርፍልንም» ብላ እኔን፣ ይስማውንና የአባቴን ወንድም አያ ልየውን በጊዮርጊስ ስም አስማለችን። እንግዲህ የቤታችን ምስጢር ይህ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረንም።

ይስማው ደግሞ አይ ይስማው! መልከ መልካም፣ ጠጉሩን አፍሮ ያጎፈረ፣ እግሩ ሥር መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ የሚለብስ ልጅ ነበር። ያን ሱሪ ከሞጣው የጨርቅ ነጋዴ ከሐጂ ሱቅ በተገዛ ቡኒ ቴትረን አሰፍቶ፣ አዲስ የለበሰ ቀን ከቤታችን እስከ እህል ተራ ድረስ በከንቱ ሲመላለስ ነው የዋለው። እኔ ያን ጊዜ ቢቸና አስተማሪ ነኝ፤ ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ አድርጌ ጭቃውን ስሻገር ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። እንቁላል ስድስቱ በስሙኒ የሚሸጥበት፣ ስኳር ግን በቀበሌ ሰልፍ ካልሆነ የማይገኝበት ዘመን። ከጠጅ ቤቱ የሚወጣው ቴፕ አንዱን ዘፈን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ እያላዘነ፣ ክሩ ሲጠመጠም ባለቤቱ በእርሳስ እያሽከረከረ ሲፈታው ሁላችንም በራፉ ላይ ቆመን እንጠብቅ ነበር። ከዚያ የስብሰባው ደወል ይደወላል፤ ግራ እጅ ወደ ላይ፤ መፈክር፤ ደግሞ ወደ ቤት። ማን መጣ ማን ሄደ የሚለውን አሁን በቅጡ አላስታውሰውም፤ የቴትረኑን ቀለም ግን አልረሳሁትም።

ሠርግ ካለ ይስማው ውጅግራውን ሳያነግት አይሄድም። መጮህ እንደሁ አይጮህ፤ «ጥይት እንደ ድሮው አይገኝም፣ ለቁም ነገር አስቀምጫለሁ» እያለ ያልፋል። ሽለላው ላይ ግን ማን ይችለዋል? ከጭፈራው መሐል ዘሎ ገብቶ፣ ጠመንጃውን ሽቅብ እያንቀጠቀጠ እንዲህ ይላል፦

«ገዳይ የአለምነህ ልጅ፣ ገዳይ ባለውጅግራ፣
አፉን የከፈተ ለት የሚሰማ ጋራ ለጋራ!»

እልል ይባልለታል። እኔ ጥግ ቆሜ ጥርሴን ነው የማፋጭ። መርፌ የሌለው ጠመንጃ ይዞ! ቤት ስንገባ «ምነው አፍህን ብትሰበስብ?» ስለው «ሽለላ እኮ ነው፤ ማን እውነት ብሎ ይሰማዋል?» ይለኛል። ሰሙት እንጂ! ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያለው ሰው ይስማውን አይቶ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ሰሞን መሣሪያ ያለው ሁሉ አምጥቶ ያስመዝግብ ተባለ። የሚመዘገበው መሣሪያ ደግሞ እየተተኮሰ ነው የሚታየው። ይስማው ምን አደረገ? ሕዝብ ፊት ጠቅ እንዳይልበት ብሎ ውጅግራውን ቆጥ ላይ በገለባ ሸፈነና «ሸጫለሁ» አለ። እኛ «ጓድ ሊቀመንበር» የምንለው የከተማችን ሹም ጠራውና በሰው ፊት ሰደበው። ይስማውም መለሰለት። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ተሟላ ማለት ነው፦ ሽለላ፣ የተደበቀ ጠመንጃ፣ ጠብ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ፣ እኔ በርበሬ እያስመረጥሁ ሳለሁ ሊቀመንበሩ እህል ተራው ጫፍ ላይ ተገደለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ነው ያለው፤ ያለ ፋታ፣ ጤፍ ምጣድ ላይ እንደሚቆላ። ገበያተኛው ሁሉ በያለበት ተኛ፤ በርበሬው ተደፋ፤ አህያው ሁሉ ተፈታ። ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ጭስ የለም። ቀለሃውን ልጆች ለቅመው ፊሽካ አድርገውት ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ሲያፏጩበት ነበር፤ ቀጭን፣ ትንሽ ጣት የማያህል። በዚያን ጊዜ ቢቸና ላይ እንደዚያ የሚያንጣጣ መሣሪያ የያዙት የሰውዬው የራሱ አጃቢዎች ብቻ ናቸው። ማን ተኮሰ? አላውቅም። አላየሁም። ያላየሁትን አላወራም። ውጅግራ ግን እንደዚያ አይተኩስም፤ ይህን ለማወቅ ጆሮ ብቻ በቂ ነው፤ ገበያው ሙሉ ጆሮ ነበር። ማን ተናገረ? ማንም። ሰኞ ጠዋት ይስማውን ከእርሻው ላይ አስረው ወሰዱት። ቆጡ ተፈተሸ፣ ውጅግራው ወጣ፣ «ተገኘ!» ተባለ።

ቢቸና ዘመድ ይበዛበታል ተብሎ ሞጣ ወሰዱት። እኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ በእህል ጭነት መኪና ላይ ከማሽላው ጋር ተጭኜ፣ በደብረ ወርቅ በኩል አቧራዬን ስጠጣ ውዬ ተከተልሁ። አሁን አስፋልት ነው፤ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። ያረፍሁት ያ ሱሪ ጨርቁ የተገዛበት ነጋዴ፣ ሐጂ ቤት ነው፤ ከአባቴ ጋር ወዳጅ ነበሩ። እኔ የእነሱን ሥጋ አልበላምና እኔ ሳለሁ ባለቤታቸው ሥጋ የሚባል አላሠሩም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከእኔ ጋር ሽሮ ሲበላ ሰነበተ። ነፍሳቸውን ይማር፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አሁን ከየት ይመጣል።

ጠዋት ጠዋት ጉርዴን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሰው መስዬ ወደ ካድሬው ቢሮ እሄዳለሁ። አንዱን ቀጭን ቀለሃ ከተማሪዬ ተቀብዬ ይዤ ነበርና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። «ጓድ፣ ሰውዬው የተመታው በዚህ ነው። የወንድሜ ጠመንጃ ጥይት አውራ ጣት ያህላል፤ ይህ እሱ ውስጥ ቢገባ እንደ ጤፍ በወንፊት ያልፋል» አልሁት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ጓዲት፣ ቀለሃ ቀለሃ ነው» አለኝ። ቀለሃ ቀለሃ ነው! ይህን የሰማሁ ቀን እንዴት ሳልታነቅ እንደ ቀረሁ። እህል እህል ነው ብዬ ለጥሎሹ በጤፍ ፈንታ ለአማቱ ገብስ ብልክለት ደግሞ ምን ይል ነበር ይሆን?

የባሰው ግን ወንድሜ ነው። ምርመራው ላይ «ጠመንጃህ ይተኩሳል?» ሲሉት ምን ቢል ጥሩ ነው? «የማይተኩስ ጠመንጃ ምን ይሠራል?» አለ። አጥሩ ጋ ስንቅ ላቀብለው ስሄድ በእንባ ነው የያዝሁት። «ይስማው፣ የምታድንህ አንዲት ቃል ናት። ‹አይተኩስም› በል።» መሬት መሬቱን እያየ «በሞጣ ሰው ፊት?» አለኝ። «አዎ፣ በሞጣ ሰው ፊት! በደብረ ወርቅም ሰው ፊት! በሰማይ መላእክት ፊት!» «ሳቅሽን አቁሚ» አለኝ፤ እኔ መች ስቄ። «የአለምነህ ልጅ ሠርግ ላይ የሚፎክረው በሞተ ብረት ነው ከሚሉኝ...» ሲል «ከሚሉህ ምን? ሞት ይሻላል? በል እንግዲህ፣ ለእናቴ እንደዚያ ብዬ ልንገራት» ብዬ ስንቁን ጥዬለት ሄድሁ። በማግስቱ ስመለስ ሌሊቱን ሁሉ ሲያስብ ያደረ ሰው ፊት ነው ያየሁት። «እሺ» አለኝ፤ «ጠቅ ይበል። ይሳቁብኝ። ንገሪያቸው።» እግዚአብሔር ያውቃል፣ ወንድሜን በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

የምርመራው የበላይ አንድ ከሌላ አገር የመጣ የመቶ አለቃ ነበር፤ ዓይኑ እንቅልፍ የጠማው፣ ነገር የሰለቸው ሰው። እሱ ዘንድ ገብቼ መርፌውን ነገርሁት። መሐላችንን አፈረስሁ እንግዲህ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «እኔም ይህ የቀለሃ ነገር አልጣመኝም ነበር» አለ። «ሐሙስ ገበያ ነው። ሕዝብ ፊት አስተኩሰዋለሁ። ከተኮሰ ከዚያ ወዲያ እኔ የማደርገው የለም። ካልተኮሰ ግን ወንድምሽን ይዘሽው ትሄጃለሽ፤ ማንም አይናገረኝም።» እግሩ ላይ ልወድቅ ስል «ተይ፣ ተይ» አለ። ለቤተሰብ በሰው ቃል ላክሁ፤ «ሐሙስ ጠመንጃው ሞጣ ገበያ ላይ ሊሞከር ነውና አያ ልየው ይምጡ» ብዬ፤ ካልተኮሰ ይፈታል የሚለውን መጨመር አልታየኝም። እናቴ እግሯ አይሄድላትም ነበር። ልኬ ጨረስሁ፤ እፎይ ብዬ ተኛሁ፤ ለይስማው የሚለብሰው ንጹሕ ሸሚዝ ሁሉ ከሐጂ ሱቅ ገዛሁ።

ሐሙስ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ተሰበሰበ። አያ ልየው ከቢቸና በበቅሎ መጥተው ከፊት ቆመዋል፤ ዝናራቸውን ታጥቀው፣ ካባቸውን ደርበው፣ ጢማቸውን አበጥረው። ከዋዜማው ደርሰው የክርስትና ልጃቸው ቤት ማደራቸውን የሰማሁት ኋላ ነው። የክርስትና ልጃቸው ሚሊሺያ ነው፤ የተያዘ መሣሪያ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከሩቅ እጅ ነሣኋቸው፤ እሳቸውም አይዞሽ የሚል ምልክት ሰጡኝ። ይስማው ወጣ። የመቶ አለቃው ውጅግራውን ባዶውን ሰጠውና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ «የአንተ ነው?» አለው። «የእኔ ነው።» «ከፍተህ እይ። ከተያዘ ወዲህ የተነካ ነገር ካለው አሁን ተናገር።» ይስማው ከፈተው። አየው። እንደገና አየው። ቀና ብሎ ሕዝቡን ቃኘና ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አያ ልየው ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው ፈገግ አሉ። «ተነክቷል?» አለ የመቶ አለቃው። ይስማው ጠመንጃውን ዘጋና መለሰለት። «አልተነካም። እንደ ነበረ ነው» አለ።

ጥይት ተፈለገ፤ ከግምጃ ቤቱ የውጅግራ ጥይት ጠፋ። የመቶ አለቃው «እንዲያውስ ባዶውን...» ብሎ ሳይጨርስ አያ ልየው «ጥይት ሞልቶ!» ብለው ከዝናራቸው አንዱን መዝዘው ሰጡ። እኔ በልቤ «ምን ቸገረኝ፣ ጠቅ ነው የሚለው» እላለሁ። አንዱ ሚሊሺያ አጎረሰ፣ ወደ ሰማይ አቀና፣ ቃታውን ሳበ።

ጮኸ! እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ። በጊዮርጊስ ዛፎች ላይ የነበረው ወፍ ሁሉ ተነሣ። ጭሱ ሜዳውን ሸፈነው። ሴቱ እልል አለ! ጠመንጃ ጮኾ ዝም ማለት ነውር ነዋ፤ ምን እንደሆነ ሳያስቡ እልል አሉ። አያ ልየው ደግሞ ካባቸውን ጥለው ዘራፍ ብለው መሐል ገቡ፤ የወንድማቸውን ስም እየጠሩ፣ የውጅግራውን ጌታ እያወደሱ። ጭሱ ሲገለጥ የመቶ አለቃው ቆቡን አውልቆ እኔን ያየኛል። ዋሽተሽኛል የሚል ዓይን ነው። እኔም እኮ ተአምር ነው የመሰለኝ፤ ብረቱ አባቴን ሊያስከብር ከሞት የተነሣ ነው የመሰለኝ። አያ ልየው እያለከለኩ መጥተው ጆሮዬ ሥር «አየሽ? ሕዝብ ፊት ሊያሳፍረን ነበር እኮ! ትናንት ከቀጥቃጩ ዘንድ መርፌውን አሠርቼ፣ የክርስትና ልጄ አስገባለት» አሉኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው። ጉሮሯቸውን ልይዝ ነበር። ልጮህ አፌን ስከፍት ይስማው እጁን እያሰሩት ወደ እኔ አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አትናገሪ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ ሄድሁ። ስድብ አዘጋጅቼ ነው የሄድሁት፤ እንባ ሳይሆን።

«መርፌውን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። አዲስ ነው፤ ያበራል።»

«ታዲያ ‹ተነክቷል› ማለት አቃተህ? ተነክቷል! አንዲት ቃል! ደግሞ ኩራት ያዘህ? እልልታው ጣመህ?»

«ማን ነካው ይሉኛላ» አለኝ።

ያዘጋጀሁትን ስድብ ዋጥሁት።

«አያ ልየውን ከጎኔ ያቆሟቸዋል» አለ፤ «ያን ምስኪን የክርስትና ልጃቸውንም። የመንግሥት ማስረጃ አበላሻችሁ ብለው። አባታችን ሲሞት ማን አሳደገን? በማን በሬ አረስሁ? አንቺን ማን ትምህርት ቤት ላከሽ?»

«እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው ደግሞ! ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የሠሩትን ይወቁት።»

«አትነግሪያቸውም» አለ፤ ድምፁ ጠነከረ። «ደግ የሠሩ መስሏቸው ነው። በአባታችን አጥንት ይዤሻለሁ፤ እሳቸው በሕይወት እስካሉ ይህን ነገር ከአፍሽ እንዳይሰሙት። አደራ!»

ምን ዓይነት አደራ ነው? አደራ ማለት እህል አስቀምጪልኝ፣ ልጄን አሳድጊልኝ ነው። እሺ አልሁት፤ ምን ልበል። ከዚያ ሳምንት አልቆየም፣ ወሰዱት። የት እንደወሰዱት የሚነግረኝ አጣሁ፤ ስንቁን ይዤ ብሄድ «የለም» ብለው መለሱኝ። ያቺ «የለም» እስከ ዛሬ ድረስ ናት። ያለ ሬሳ ለቀስን። የመቶ አለቃውም ብዙ ሳይቆይ ተቀየረ፤ ሲሄድ መንገድ ላይ አግኝቶኝ አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ፤ ውሸታም እንደመሰልሁት ቀረሁ። ኋላ ትዳር ይዤ ሞጣ ቀረሁ። ያ ሜዳ አሁን የሞባይል ሱቅና የቁርስ ቤት ሞልቶበታል፤ በየቀኑ አልፍበታለሁ፤ የሚያውቅ የለም።

አያ ልየው ዕድሜ ሰጥቷቸው ዘጠና አለፉ። ጥርሳቸው አለቀ፣ ዓይናቸው ደከመ፣ ያች ሐሙስ ግን ከአፋቸው አልወጣችም። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ቢቸና ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፤ ሁለተኛውን ጠላ ሲጨርሱ ይጀምራሉ። «ልጄን በሉብኝ» ብለው መጀመሪያ ያለቅሳሉ፤ እውነተኛ እንባ ነው፤ ይስማውን ከልጆቻቸው አብልጠው ነበር የሚወዱት። ከዚያ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ቀና ይላሉ። «ግን እንኳን አላሳፈረን፣ ይታይሽ። ጠላት እያየ ነው የጮኸ። እስቲ ተይው፣ ያን ቀን ጠመንጃው ባይተኩስ ኖሮ ምን ይሉን ነበር?»

በየዓመቱ ይጠይቁኛል። በየዓመቱ ምላሴን ነክሼ፣ ጠላቸውን እየጨመርሁ «እውነትዎን ነው፣ አያ» እላለሁ። ስወጣ በር ላይ ቆሜ በነጠላዬ አፌን ይዤ እጮሃለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።

አሁን አፈር ለብሰዋል። አደራዬን ጨርሻለሁ። እንግዲህ ልመልስልዎ፣ አያ ልየው፦ ባይተኩስ ኖሮ «ልጁ ነፃ ነው፤ ይዛችሁት ሂዱ» ይሉን ነበር።